ከፋይ

እኔ በሥራዬ የማውቀው «ከፋይ» ገንዘብ የሚከፍለውን ሰው ነው፤ የክፍያ ሲስተም ላይ ኮድ እጽፋለሁ። ቤት ግን ከፋይ ማለት አያቴ ያገቡበት ካባ ነው። ለእህቴ መልስ ላዘጋጀው ብዬ በካውያ ተኮስኩት። የተኮስኩት ቦታ እንደ ፕላስቲክ አብለጨለጨ።

ለምን? የከፋይ ጠጉር የተለጠፈ አይደለም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የቬኒስና የፍሎረንስ ሸማኔዎች ተጨማሪ የሐር ድር በቀጫጭን ዘንጎች ላይ እያሳለፉ ቀለበት ያወጡና በምላጭ ይቆርጡት ነበር። ጠጉሩ ያ ተቆርጦ የቆመው ክር ነው፤ ጥልቅ ቀለሙም የሚመጣው ከመቆሙ ነው። ካውያ ያጋድመዋል።

የኛ ሸማኔ የሚሸምነው ጥጥ ነው፤ ከፋይ በቀይ ባሕር በኩል በንግድ ይገባ ነበር። ነገሥታቱ በወርቅ ክር የተጠለፈ ካባና ለምድ ለመኳንንት ይሸልሙ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ዘውዱ ሲሻር ሽልማቱ ቀረ፤ ካባው ግን ሙሽሮች ትከሻ ላይ ቀረ።

አያቴ አልተቆጡኝም። «እንፋሎት አሳየው እንጂ ብረት አታስነካው» አሉ። መታጠቢያ ቤት ሙቅ ውሃ ለቀቅኩና ካባውን ውሃ ከማይነካው ቦታ ሰቀልኩት። ጠጉሩ ሲለሰልስ የወርቅ ክሩን ሳልነካ፣ ከተኛበት በተቃራኒ በለስላሳ ብሩሽ ቀስ እያልኩ አነሣሁት። ከዚያ ጥላ ውስጥ ደረቀ። እጥፋትም ጠጉሩን ስለሚያጋድም፣ አሁን ሰቅለን ነው የምናስቀምጠው።

አብዛኛው ተነሣ። የካውያው ጫፍ ግን ቀኝ ትከሻው ላይ አለ። እህቴ ለብሳው ስትገባ ማንም ልብ አላለውም፤ ከእኔና ከአያቴ በቀር።