መንቆረር የበላችው ዛፍ፣ ያበቀለችው ደን

ደብረ ማርቆስ የዛሬ ስሟን ሳታገኝ መንቆረር ነበረች። ደጃዝማች ተድላ ጓሉ በ1845 ዓ.ም. ሲቆረቁሯት በዙሪያዋ ያለው ደጋ እርሻና ግጦሽ ነበር። ራስ አዳል በጥር 1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው የጎጃምን ዘውድ ሲጭኑ መንቆረር የንጉሥ መቀመጫ ሆነች፤ ስሟም በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም ተተካ።

ቤተ መንግሥት ሰው ይሰበስባል። አጃቢው፣ ካህኑና ነጋዴው ለቤቱ ምሰሶና ማገር፣ ለምድጃው ማገዶ ይሻል። ወይራና ጽድ ደግሞ ቶሎ አያድጉም። በአዲስ አበባ ይኸው ችግር ሲጠና፣ በምኒልክ ዘመን ባሕር ዛፍ ከባሕር ማዶ መጣ። ሲቆረጥ ከጉቶው እንደገና የሚያቆጠቁጠው ይህ ዛፍ ጎጃምም ደረሰ፤ ለገበሬውም የክፉ ቀን ጥሪት ሆነ።

ከጮቄ ተራራ ተነስቶ በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ አልፎ ወደ ዓባይ የሚወርደው ጨሞጋ ወንዝ የዚህን ለውጥ ታሪክ ይዟል። ተመራማሪው ወልደአምላክ በውቀት እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1998 ያለውን ጊዜ በአየር ፎቶግራፍና በሳተላይት ምስል ሲያጠኑ፣ ደን እየተመናመነ ነው ለሚለው ሁሉ ያልተጠበቀ ነገር አገኙ፤ በ364 ስኩዌር ኪሎ ሜትሩ ተፋሰስ ደኑ በዓመት በአማካይ 11 ሄክታር ያህል ጨምሯል። የጨመረውም በአብዛኛው ገበሬው የተከለው ባሕር ዛፍ ነው። ማገዶና አጣና የምትፈልገው ከተማም ገበያው ሆናለች።

ይህ ግን በስፋት ብቻ ሲለካ ነው። በወንዙ ዳር ከነበሩት ዛፎች 79 በመቶው በእነዚያው ዓመታት ጠፍተዋል። የበጋው የወንዝ ፍሰትም እየቀነሰ መጥቷል፤ የተፈጥሮ ዕፅዋት መመንጠር፣ የግጦሽ መብዛት፣ የባሕር ዛፍ መስፋፋት አብረው ያመጡት ጉዳት ነው። ኮረብታው አረንጓዴ ስለሆነ አገሩ ደህና ነው ብሎ ማለፍ ትልቅ ስህተት ነው።

ቀጥሎ ከተማዋ ከእንጨቱ አልፋ መሬቱን ራሱን ፈለገች። በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ 49,297 የነበረው ነዋሪ በ1999 ዓ.ም. 62,497 ደረሰ። በዚያው ዓመት የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ መቀበል ጀመረ።

የከተማው ዳር ገበሬ መሬትን የሚያየው በአያቶቹ ዓይን ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የጎጃም ገበሬ ያመጸው፣ መሬቱ ተለክቶ ርስቱ ይወሰድብኛል ብሎ ስለፈራም ነበር። በ1967 ዓ.ም. መሬት ሁሉ የመንግሥት ሆነ። ከዚያ ወዲህ ለልማት የሚነሳ ገበሬ የሚጠይቀው ካሳ ነው፦ በአዋጅ 455/1997 የዓመት ገቢው አማካይ አሥር እጥፍ፣ በአዋጅ 1161/2011 ደግሞ ባለፉት ሦስት ዓመታት ካገኘው ከፍተኛው የዓመት ገቢ አሥራ አምስት እጥፍ። የሚባዛው ከማሳው የተገኘው ገቢ ነው። የማሳው አፈር በክረምት አጥልሎ ለበጋ ያቆየው የጨሞጋ ውኃ በዚህ ስሌት ውስጥ የለም።