የናይሮቢ ጎረምሶችና የጭውውት ትምህርት

የንግግር ሕክምና የሚባለው ሙያ ወደ ናይሮቢ ከመግባቱ እጅግ አስቀድሞ፣ ወጣትን ተራ ጠብቆ መናገርን፣ የባልንጀራውን ሐሳብ ማድመጥንና በወግ መሸነፍን የማስተማሩ ተግባር የአያቶች ድርሻ ነበረ። በስዋሂሊ ተናጋሪዎች ዘንድ፣ ሲመሽ፣ ጠያቂው «ኪቴንዳዊሊ» ብሎ ሲጀምር አድማጮቹ «ቴጋ» ብለው ይቀበሉታል፤ መልሱ የጠፋበትም፣ በእኛ እንቆቅልሽ «አገር ስጠኝ» እንደሚባለው ሁሉ፣ ከተማ ሰጥቶ ፍቺውን ይሰማል። አለማወቅን ያለ ኀፍረት መግለጥና የረታውን በደስታ መስማት፣ ዛሬ በሕክምና ክፍል በብዙ ድካም የሚቀረጸው ጠባይ፣ በዚያ ጨዋታ ውስጥ ይገኛል።

ይሁን እንጂ ናይሮቢ ራስዋ የአያቶች ከተማ አይደለችም። በ1899 እ.ኤ.አ. በባቡር ሐዲድ ምክንያት የተቈረቈረች በመሆንዋ፣ ኪኩዩው፣ ካምባው፣ ሉዎውና ሕንዱ እንጀራ ፍለጋ ሲጎርፉባት አያቶች በየገጠሩ ቀሩ፤ የኢስትላንድስ ሰፈሮች ጎረምሶችም ስዋሂሊን ከእንግሊዝኛ ቀላቅለው ሼንግ የተባለውን ልሳን አወጡ። የሰውን ፊት ማንበብና የነገርን ሰምና ወርቅ መለየት በኦቲዝም ምክንያት ለሚያዳግተው ልጅ ይህ ድርብ ፈተና ነው። መንግሥት በ1986 የኬንያ ልዩ ትምህርት ኢንስቲትዩትን አቋቁሞ መምህራንን ቢያሠለጥንም፣ በንጋራ ሰፈር በሲቲ ፕራይመሪ ትምህርት ቤት ለኦቲዝም የተለየ ክፍል የተከፈተው ወላጆች በማኅበር ከተደራጁ በኋላ በ2003 ነው። በአዲስ አበባም በ2002 እ.ኤ.አ. የጆይ ማእከልን የመሠረቱት የአንድ እንዲህ ያለ ልጅ እናት፣ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ ነበሩ። እናቶች ዩኒቨርሲቲዎችን ቀደሙ፤ የካምፓላው ማከሬሬ ዩኒቨርሲቲ እንኳ የንግግር ሕክምናን በዲግሪ ማስተማር የጀመረው በ2008 ነውና።

ሕፃኑ ጎረምሳ ሲሆን ግን ትምህርቱ ይከብዳል። እኩያውን «ሳሳ?» ብሎ «ፖዋ» የሚባለው ወጣት፣ ለአዛውንት ቃሉን ለውጦ «ሺካሞ» ማለት ይገባዋል፤ ይህን ያማረ ሰላምታ ናይሮቢ ከባሕሩ ጠረፍ ይልቅ ቸል ማለትዋ ያሳዝነኛል። ከባሕር ማዶ የመጡት መጻሕፍት ተናጋሪ የአድማጩን ዓይን እንዲመለከት ሲያዝዙ፣ በኬንያውያንም በእኛም ዘንድ ልጅ በታላቁ ላይ ዓይኑን ቢተክል እንደ ድፍረት ይቈጠርበታል፤ ስለዚህ አስተዋይ ባለሙያ መጽሐፉን ለአገሩ ወግ ማስገዛት አለበት። በማታቱ ውስጥ ደግሞ መጽሐፉም ወጉም አይረዱም፤ ሙዚቃው በሚያደነቁርበት በዚያ ሚኒባስ መውረድ የፈለገ ወጣት ጊዜውን ጠብቆ ለረዳቱ «ሹኪሻ!» ብሎ መጮኽ፣ ካልሆነም ጣራውን መደብደብ አለበት፤ በትሕትና «ይቅርታ ጌታዬ፣ እባክዎን» እያለ ዓረፍተ ነገሩን ሲያሟላ ሁለት ፌርማታ ያልፈዋል።