የወልድያው ስታዲየም፦ ከስጦታ በኋላ ያለው ጥያቄ

ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችውን መርሳን አልፎ ወልድያ ይገባል። በዚያም ከከተማዋ ስፋት ጋር ሲነጻጸር እጅግ የገዘፈ የሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ስታዲየም ይገኛል።

ስታዲየሙ የተመረቀው በጥር ወር 2009 ዓ.ም. ነው። 25,155 ተመልካቾችን የሚይዝ ሲሆን፣ በወቅቱ እንደተገለጸው 567 ሚሊዮን ብር ወጥቶበታል። ወጪውን የሸፈኑት በወልድያ ያደጉት ባለሀብት ናቸው። ለዘመናት ትልቅ ውድድር ሲባል የ1954ቱን የአፍሪካ ዋንጫ ያስተናገደው የአዲስ አበባ ስታዲየም ይታሰብ ለነበረበት አገር፣ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ይሁን እንጂ ደስታው ብዙ አልቆየም። ኅዳር 24 ቀን 2010 ዓ.ም. ወልድያ ከመቀሌ ከተማ ጋር ሊያደርግ የነበረው ጨዋታ በከተማው በተነሳ ግጭት ምክንያት ሳይካሄድ ቀረ። በዚያው የውድድር ዘመን መጨረሻ ክለቡ ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ። ባለሀብቱም ከጥቅምት 2010 እስከ ጥር 2011 ዓ.ም. በሳዑዲ ዓረቢያ ታስረው ቆዩ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በህወሓት ኃይሎች እጅ ነበረች።

እኔ በሕግ ትምህርት ያለፍኩ ሰው በመሆኔ ነገሩን የማየው ከስጦታ ሕግ አንጻር ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስጦታን ውል ያደርገዋል፤ ተቀባዩ ካልተቀበለ ስጦታ የለም። የተቀበለ ደግሞ ከነጥገናው፣ ከነጥበቃው ተቀብሏል ማለት ነው። ሰጪው ሠርቶ ሰጠ እንጂ ዕድሜ ልኩን ሣር ሊያጠጣና አምፖል ሊቀይር አልተዋዋለም። ቢዋዋል እንኳ የአንድ ሰው ዕጣ ፈንታ ምን ያህል ተለዋዋጭ እንደሆነ ከላይ አይተናል።

ስለዚህ በእኔ እምነት ሦስት ጉዳዮች በጽሑፍ ሰፍረው ለሕዝብ መገለጽ አለባቸው፦ ንብረቱ በማን ስም እንደተመዘገበ፣ የዓመት የጥገና በጀቱ ከየት እንደሚመጣ፣ የመርሳና የሀብሩ ወጣቶችን ጨምሮ የአካባቢው ታዳጊዎች በምን ደንብ እንደሚጠቀሙበት። ኮንክሪት ያለ ባለቤት ያረጃል። ወልድያ ትልቅ ስታዲየም አግኝታለች፤ ትልቅ አስተዳዳሪ ማግኘቷ ግን በስጦታ የሚመጣ አይደለም።