ግብሩ ነው ወይስ ቀላዱ? የ1960ው የጎጃም አመፅ

የቢቸናና የሞጣ ገበሬ በ1960 ዓ.ም. ለምን ተነሣ? የተለመደው መልስ አጭር ነው፦ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ፣ ጎጃም አመፀ፤ ስለዚህ ያሳመፀው ግብሩ ነው። "ይህን ክርክር የሚያዳክመው የትኛው ነው?" የሚል የአፕቲትዩድ ፈተና ጥያቄ ቢወጣበት ተማሪ ብዙ አይቸገርበትም።

አዋጁ የወጣው ለመላው አገር ነው። መንስኤው በየጠቅላይ ግዛቱ ካለ፣ እሳቱ ለምን ምሥራቅ ጎጃም ላይ በረታ? ደግሞ አዋጁ አስራትን አስቀርቶ በምትኩ የገባ ነው፤ ግብር አይቶ ለማያውቅ ሰው የመጣ ዱብ ዕዳ አይደለም። ጊዜውንም ልብ በሉ። ገበሬው እምቢ ያለው ከፍሎ ከደኸየ በኋላ ሳይሆን ገማቾቹ ገና ወደ ማሳው ሲመጡ ነው። ያልከፈለው ግብር እንዴት ያደኸየዋል?

የፈራው ልኬታውን ነበር። ጎጃም የርስት አገር ነው፤ መሬት በትውልድ ሐረግ ይጠየቃል፣ የዛሬው ባለይዞታ የነገ ተከራካሪ ነው። እንዲህ ባለ አገር ማሳ ገምቶ በአንድ ሰው ስም የሚመዘግብ ሹም፣ ቀረጥ ሰብሳቢ ብቻ መስሎ አይታይም። ዛሬ ግምት፣ ነገ ቀላድ፣ ከነገ ወዲያ ርስት መንቀል ነው ተባለ። ከጣልያን መባረር በኋላ በ1930ዎቹ የመሬት ግብር ሲመጣም ጎጃም ልኬታን አልቀበልም ብሎ ነበር። የ1960ው አዋጅ ያኔ አልነበረም፤ እምቢታው ግን ነበር።

ሌላው መልስ ጥፋቱን በጠቅላይ ገዥው በደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ላይ ይጭናል። አቤቱታው ብዙ ነበር፣ ሐሰትም አልነበረም። ማስረጃ ተብሎ የሚቀርበውም እርሳቸው ሲነሡ አገሩ መብረዱ ነው። ይህ ግን ከመጀመሪያውም የደከመ ክርክር ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ገዥውን ሲያነሡ ውዝፉን ግብርም ምረዋል፤ ከዚያ በፊት ደግሞ የጦር አውሮፕላን መንደሮችን ደብድቧል። ሦስት ነገር ተደራርቦ ተደርጎ ሳለ አንዱን መዝዞ "ያበረደው ይህ ነው" ማለት ለቤተ መንግሥቱ ይመች ነበር፦ የርስቱ ጥያቄ ቀርቶ ጉዳዩ የአንድ ሹም ክፋት ይሆናል።

ገዥው ተነሥቶ ግምቱ ቢቀጥል ኖሮ መልሱ ይታወቅ ነበር። አልተሞከረም።