ስም አልባ ፎቶግራፎች፤ ከአዳማ እስከ ሻላ

የአንድ ታጣቂ አሮጌ ፎቶግራፍ በተገኘ ጊዜ በመጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ «ይህ ሰው ማን ነው?» የሚል ነው። ነገር ግን ከዚህ ጥያቄ የሚቀድሙ ሌሎች ሁለት አሉ፤ ይኸውም የት ተነሣ? መቼስ ተነሣ? የሚሉት ናቸው። እነዚህ ሁለቱ ሳይመለሱ ስም መስጠት በየትም ቦታ ያሳስታል፤ በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ግን ይበልጥ ያሳስታል። በዚህ ምድር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ልዩ ልዩ ሠራዊት ተመላልሶበታልና።

ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ. ም. ወደ ጅቡቲ የተጓዙት በአዳማ በኩል በሚያልፈው ሐዲድ ነበር። ጥቂት ቆይቶ የፋሺስት ኢጣልያ ጦር አገሩን ያዘ። በ1933 ዓ. ም. ደግሞ በጄኔራል ካኒንግሃም የሚመራው የእንግሊዝ ጦር አዋሽን ተሻግሮ መጋቢት 28 ቀን አዲስ አበባ ገባ፤ ከዚያም ወደ ደቡብ ዞሮ ግንቦት 6 ቀን ሻሸመኔን ያዘ። በዚህ ጦር ውስጥ ከደቡብ አፍሪካ፣ ከናይጄሪያና ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ ወታደሮች ነበሩ። ስለሆነም በአንድ ባቡር ጣቢያ ወይም በሐይቅ ዳር የቆመ ጥቁር ወታደር ኢትዮጵያዊ ዐርበኛ ሊሆን ይችላል፤ ለኢጣልያ ያደረ አስካሪ ሊሆን ይችላል፤ አማርኛም ሆነ ኦሮምኛ ሰምቶ የማያውቅ ናይጄሪያዊም ሊሆን ይችላል። አንዱን በሌላው ስም መጥራት ቀላል ስሕተት አይደለም። በኋላ የሚመጣ የልጅ ልጅ የሚኮራበትን ወይም የሚያፍርበትን አያት የሚፈጥረው በፎቶግራፉ ግርጌ የተጻፈው አንድ መስመር ነው።

ለዚህ ጉዳይ ከሁሉ የሚያስተምረው የራስ ደስታ ዳምጠው ዘመቻ ነው። ራስ ደስታ በጥር ወር 1928 ዓ. ም. በገናሌ ዶርያ ከግራዚያኒ ጦር ጋር ተዋግተው ከተሸነፉ በኋላ ከአንድ ዓመት በላይ በደቡብ ሲከላከሉ ቆዩ። በመጨረሻም የሲዳሞና የባሌ ሠራዊት ቅሬታ ከሻላ ሐይቅ ወደ ሰሜን ሲያፈገፍግ፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ. ም.፣ በአዲስ አበባ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ በተጣለበት በዚያው ዕለት፣ ጎጌቲ ላይ ተከበበ። ደጃዝማች ገብረ ማርያም ጋሪ በውጊያው ሕይወታቸው አለፈ፤ ደጃዝማች በየነ መርዕድ ተይዘው ተገደሉ፤ ራስ ደስታም የካቲት 17 ቀን በቡታጅራ አካባቢ ተይዘው ተረሸኑ።

እንግዲህ «የራስ ደስታ ጦር» የሚል ጽሕፈት ያለበት ፎቶግራፍ ቢገኝ ከሁለቱ ዘመቻዎች የቱን ያመለክታል? ጣልያኖች ከፎቶግራፍ ጀርባ ብዙ ጊዜ የፋሺስትን ዘመን በሮማ ቁጥር ይጽፉ ነበር። ያ ዓመት የሚለወጠው በጥቅምት ወር ስለሆነ የገናሌ ዶርያ ውጊያ በ14ኛው፣ የጎጌቲ ደግሞ በ15ኛው ዓመት ውስጥ ይውላል። አንዲት ጭረት ናት ሁለቱን የምትለያቸው። የቦታ ስም ንባብም እንዲሁ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ «ሻሻማና» ተብሎ የተጻፈው ሻሸመኔ መሆኑን የማያውቅ ሰው ሌላ አገር ይፈልጋል።

ፊት ከሁሉ ደካማው ምስክር ነው። ራስ ደስታ በ1925 ዓ. ም. ወደ አሜሪካ ተልከው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልትን በጎበኙ ጊዜ የተነሡት ፎቶግራፍ በክብር ልብስ የተሸለመን መልእክተኛ ያሳያል። አንድ ዓመት ጫካ የከረመን፣ የቈሰለንና የከሳን ሰው ከዚህ ጋር በዓይን ብቻ አስተያይቶ «ነው» ወይም «አይደለም» ማለት ድፍረት ነው።

ልብስም ያታልላል። የኤርትራ አስካሪዎች ባታሊዮን የሚለየው በወገባቸው መቀነትና በቆባቸው ዘርፍ ቀለም ነበር። የአንደኛው ቀይ ነው፤ በአምባላጌ በሞተው በሻለቃ ቶሴሊ ስም የሚጠራው አራተኛው ደግሞ የሐዘን ጥቁር ነው። ይሁንና በዚያ ዘመን ይሠራበት የነበረው አንዱ የፊልም ዓይነት ቀይን እንደ ጥቁር ስለሚያሳይ በወረቀቱ ላይ ሁለቱ መቀነቶች አንድ ይሆናሉ። በዐርበኞች በኩል ያለው ስሕተት ሌላ ነው፤ ጎፈሬና ለምድ ያለው ሰው ሁሉ በጦር ሜዳ የተነሣ ይመስላል። በደረቱ ላይ የዐርበኝነት ሜዳይ ካለ ግን ፎቶግራፉ ከድል በኋላ፣ ምናልባትም በሚያዝያ 27 በዓል፣ የተነሣ ነው።

በተለይ ልብ ሊባል የሚገባው ኔጋቲቩ ተገልብጦ የታተመ ፎቶግራፍ ነው። የአውሮፓን ልማድ ብቻ የሚያውቅ ተመልካች ጎራዴውን በቀኙ የታጠቀ ሰው ሲያይ «ተገልብጧል» ይላል፤ የአገራችን ጦረኛ ግን በልማዱ ጎራዴ የሚታጠቀው በቀኝ ነበር። የሚሻለው ምስክር ጠመንጃው ነው። በውጅግራም ሆነ በበልጅግ፣ ጥይት ለማጉረስ የሚሳበው እጀታ በጠመንጃው ቀኝ በኩል ስለሚገኝ፣ ወደ ግራ ወጥቶ ከታየ በእርግጥ ፎቶግራፉ ተገልብጧል። ጠመንጃ ዘመንን ግን በግማሽ ብቻ ነው የሚናገረው፤ ፎቶግራፉ ከዚያ ወዲህ መነሣቱን እንጂ መቼ እንደ ተነሣ አይገልጽም። በፈረንሳይ በ1874 እ. ኤ. አ. የወጣው ውጅግራ ከስድሳ ዓመት በኋላም በዐርበኞች እጅ ነበረ።

የማይለወጠው መልክዐ ምድሩ ነው። የዝቋላ ተራራ ከሞጆ ወገን ሲታይና ከአዋሽ ወገን ሲታይ መልኩ ይለያያል፤ የቦሰት ተራራም ለአዳማ አቅጣጫ ጠቋሚ ነው። ፎቶግራፉን ይዞ ወደ ቦታው ወጥቶ የተራራውን ጫፍ ከሥዕሉ ጫፍ ጋር ማስተያየት አንድ ቀን ይፈጃል፤ ብዙ ክርክር ግን ያስቀራል።

የጎጌቲ አለቆች ስማቸው በአዲስ አበባ በሆስፒታልና በትምህርት ቤት በር ላይ ይነበባል። ከኋላቸው የተሰለፉት ግን በየፎቶግራፉ ጠርዝ ግማሽ ፊታቸው ተቈርጦ ቀርተዋል። በዚያ ዓመት የ10 ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ወደ መቶ ዓመት ተጠግቷል፤ የሚጠየቅ ሽማግሌም እየጠፋ ነው። ስለዚህ ቤተሰብ «አያታችን ናቸው» ያለውን ስም የተናገረው ሰው ማን እንደ ሆነና መቼ እንደ ተናገረ ጨምሮ መመዝገብ፣ በፎቶግራፉ ጀርባ በቀለም አለመጻፍ፣ የቀሩትንም «ስማቸው ያልታወቀ ሦስት ታጣቂዎች፤ ከበስተኋላ ዝቋላ፤ ከ1928 እስከ 1933 ዓ. ም. ባለው ጊዜ» ብሎ መተው ይገባል።