ከመነጽሩ ሥር የተነሣው ሰው፤ የሰማይ ፎቶግራፍና የትንሿ ኮምፒዩተር ታሪክ

ስለ ቴሌስኮፕ በክፍል ውስጥ በምናስተምርበት ጊዜ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የምንሥለው ሥዕል አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ይኸውም አንድ ሊቅ በሌሊት ጐንበስ ብሎ በመነጽሩ ሲመለከት ነው። ይህ ሥዕል ለጋሊሌዮ ዘመን እውነት ነበር። ለዛሬው ዘመን ግን አይስማማም። በታላላቆቹ ቴሌስኮፖች ዛሬ በዓይኑ የሚመለከት ተመራማሪ የለም ማለት ይቻላል። በትርፍ ጊዜያቸው ሰማይን ፎቶግራፍ ከሚያነሡትም ሰዎች መካከል መሣሪያቸውን ከሜዳ ላይ አቁመው ራሳቸው ከቤት ወይም ከድንኳን ውስጥ ሆነው የሚያዙት ጥቂቶች አይደሉም። በመካከል ሆና የምታገናኛቸው ከመታወቂያ ወረቀት እምብዛም የማትበልጥ ባለ አንድ ሰሌዳ ኮምፒዩተር ናት። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ሰው ከመነጽሩ ሥር እንዴት ሊነሣ እንደቻለ ነው። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የነገሩ ሥር የመሬት መዞር ነው። መሬት በዛቢያዋ ላይ ስለምትዞር ከዋክብት በሰዓት 15 ዲግሪ ያህል የሚጓዙ መስለው ይታያሉ። ይህ ለዓይን ብዙም አያስቸግርም፤ ለፎቶግራፍ ግን ትልቅ እንቅፋት ነው። ምክንያቱም ደካማ ብርሃን ተጠራቅሞ ምስል እስኪሆን ድረስ ረጅም ጊዜ ይፈልጋል፤ በዚያም ጊዜ ውስጥ ቴሌስኮፑ ከሰማዩ ጋር እኩል ካልሄደ ነጥብ መሆን የሚገባው ኮከብ ሰረዝ ሆኖ ይቀራል። ጆን ዊልያም ድሬፐር በ1840 በኒውዮርክ ጨረቃን ፎቶግራፍ ሲያነሣ 20 ደቂቃ ፈጅቶበታል። ልጁ ሄንሪ ድሬፐር በ1880 የኦሪዮንን ኔቡላ ለማንሣት 51 ደቂቃ አስፈልጎታል። ሩቅ የሆኑት ጋላክሲዎች ደግሞ ሰዓታት የሚጠይቁ ሆኑ።

ቴሌስኮፑን በሰዓት አምሳል በማርሽ ማዞር ቀደም ሲል የታወቀ ብልሃት ነበር። ሆኖም የትኛውም ማርሽ ፍጹም አይደለም፤ ትንሽ ይፈጥናል፣ ትንሽ ይዘገያል። ስለዚህ አንድ ሰው ሌሊቱን ሙሉ በመመልከቻው ውስጥ ካለው የመስቀል ክር ላይ አንድ ኮከብ አስቀምጦ፣ ኮከቡ ከክሩ ፈቀቅ ባለ ቁጥር በእጁ እየመለሰ መቀመጥ ነበረበት። ክፍሉን ማሞቅ አይቻልም፤ ሙቅ አየር ሲናወጥ ምስሉን ያበላሻልና።

ይህንን ሥራ ከሠሩት ሰዎች ሁሉ ለተማሪዎቻችን ሊነገር የሚገባው የሚልተን ሂውማሰን ታሪክ ይመስለናል። ሂውማሰን በ14 ዓመቱ ትምህርቱን አቋርጦ በካሊፎርኒያ ወደ ማውንት ዊልሰን ተራራ ዕቃ የሚያመላልስ በቅሎ ነጂ ነበረ። በ1917 በዚያው በተራራው ላይ ባለው የምርምር ጣቢያ በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጠረ፤ ቀጥሎም የሌሊት ረዳት ሆነ፤ የእጁ ትዕግሥትና ጥንቃቄ ስለታየለት በመጨረሻ ከጣቢያው ተመራማሪዎች ተርታ ገባ። በ1929 ኤድዊን ሀብል የጋላክሲዎችን መራራቅ የሚያሳየውን ታዋቂ ጽሑፍ ባወጣበት ጊዜ ሂውማሰን ኤን.ጂ.ሲ. 7619 የምትባለውን ጋላክሲ ብርሃን በትኖ በሁለት መስታወቶች ላይ ቀርጾ ነበር፤ አንዱ 33፣ ሁለተኛው 45 ሰዓት ወስዷል። አንድ ሌሊት ለዚህ ስለማይበቃ መስታወቱ ሲነጋ ይከደናል፣ ሲመሽ ደግሞ እዚያው ኮከብ ላይ ተመልሶ ይከፈታል። የመማሪያ መጻሕፍት ሀብልን ያነሣሉ፤ በብርድ የተቀመጠውን ሰው ግን ብዙ ጊዜ ይዘሉታል። ይህ ተገቢ ነው አንልም።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ በፓሎማር ተራራ ላይ ባለ 5 ሜትሩ ቴሌስኮፕ በ1949 ሥራ ሲጀምርም ሁኔታው እምብዛም አልተሻሻለም። ፎቶግራፍ አንሺው በቴሌስኮፑ አናት ላይ ካለው ጠባብ ክፍል ውስጥ ገብቶ፣ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ የአውሮፕላን አብራሪዎች ልብስ ለብሶ ሌሊቱን እዚያው ያሳልፍ ነበር።

ሰውን ከዚያ ያወረዱት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው በ1969 ዊላርድ ቦይልና ጆርጅ ስሚዝ በቤል ላቦራቶሪ የፈለሰፉት ሲ.ሲ.ዲ. የተባለው ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ስስ የሲሊከን ቁራጭ ነው፤ በዚህም ሥራቸው በ2009 የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። የፎቶግራፍ መስታወት ከሚደርሰው ብርሃን ከመቶ ጥቂቱን ብቻ ሲይዝ ሲ.ሲ.ዲ. አብዛኛውን ይይዛል፤ ምስሉም ቁጥር ስለሆነ በሽቦ ተጉዞ ሌላ ክፍል ውስጥ ሊታይ ይችላል። ሁለተኛው ኮምፒዩተር ነው። በ1960ዎቹ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ ትንሽ ቴሌስኮፕ ፒ.ዲ.ፒ.-8 በተባለ ኮምፒዩተር እንዲታዘዝ አድርገው ነበር። ይህ ኮምፒዩተር በ1965 ለገበያ ሲወጣ ዋጋው ከ18 ሺህ ዶላር በላይ ነበር፤ በማስታወሻው የሚይዘው 4096 ቃላትን ብቻ ነበር።

በ1980ዎቹ ሉዊስ ቦይድና ራስል ጀኔት የተባሉ አሜሪካውያን በአነስተኛ ኮምፒዩተሮች እየታዘዙ፣ ሰው ሳይኖር ሌሊቱን ሙሉ የከዋክብትን የብርሃን መጠን የሚለኩ ቴሌስኮፖችን በአሪዞና አሠሩ። በ1990ዎቹ በእንግሊዝ አገር የብራድፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቴሌስኮፕ በኢንተርኔት አማካይነት ከሩቅ የሚላክለትን ጥያቄ እየተቀበለ ፎቶግራፍ ያነሣ ጀመር፤ ተማሪ ቤቶችም ተጠቅመውበታል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ኤስ.ቲ.-4 የተባለች ትንሽ ካሜራ ወጣችና ኮከቡን ከመስቀል ክሩ ላይ የመጠበቁን የሂውማሰንን ሥራ ለተራው ሰው ቴሌስኮፕ ሠራችለት። ካሜራዋ ከቀረች ብዙ ዘመን ቢሆንም ስሟ እስከ ዛሬ ድረስ በብዙ መሣሪያዎች የሽቦ መሰኪያ ላይ ተጽፎ ይገኛል።

የሆነው ሆኖ በግል የሚሠራው ሰው ከከተማ መብራት ርቆ ሲሄድ ተንቀሳቃሽ ኮምፒዩተሩን ተሸክሞ መሄድ ነበረበት። ኮምፒዩተሩ ባትሪ ይጨርሳል፣ ጤዛ ያርፍበታል፣ የማያው ብርሃን ዓይንን ያደነግዛል፤ ከቴሌስኮፑ ጋር በገመድ ስለሚታሰርም ሰውየው ከአጠገቡ ሊርቅ አይችልም። መፍትሔው በሐሳብ ደረጃ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ተገኝቶ ነበር። ኤልዉድ ዳውኒ ኢንዲ ብሎ የሰየመው የመግባቢያ ሥርዓት ሥራውን ለሁለት ከፈለው፤ መሣሪያዎቹን የሚያዘው አገልጋይ ከቴሌስኮፑ ዘንድ ይቀመጣል፣ ትእዛዝ የሚሰጠው ደግሞ በመረብ እስከተገናኘ ድረስ የትም ሊሆን ይችላል። የጐደለው ለአገልጋይነት የሚበቃ ርካሽና ኤሌክትሪክ የማይፈጅ ኮምፒዩተር ነበር።

ይህም ኮምፒዩተር የመጣው ከሥነ ፈለክ ሰዎች ዘንድ አይደለም፤ ከመምህራን ጭንቀት ነው። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ኤበን አፕተንና ባልደረቦቹ ለኮምፒዩተር ትምህርት የሚያመለክቱት ወጣቶች የፕሮግራም ችሎታ ከዓመት ወደ ዓመት እየቀነሰ መሄዱን አስተዋሉ። በ1980ዎቹ እንደ ቢ.ቢ.ሲ. ማይክሮ ባሉ የቤትና የትምህርት ቤት ኮምፒዩተሮች እየነካኩ ያደጉት ልጆች ቦታ ዝግጁ ዕቃን በመጠቀም ብቻ ባደጉ ልጆች ተተክቶ ነበር። ስለዚህ ልጅ ቢያበላሻት የማታስቆጭ ኮምፒዩተር ለመሥራት ተነሡ፤ ራስበሪ ፓይ የተባለችው ሰሌዳ ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2012 በ35 ዶላር ለገበያ ቀረበች። ያች የመጀመሪያዋ እንኳ ከፒ.ዲ.ፒ.-8 ከ40 ሺህ ጊዜ በላይ የሚበልጥ ማስታወሻ ነበራት።

ሰማይን ፎቶግራፍ የሚያነሡ ሰዎች ይህችን የተማሪ ዕቃ ወስደው በቴሌስኮፓቸው ጎን ላይ አሰሯት። ካሜራው፣ ማዞሪያውና የምስል ማጥሪያው ሞተር ሁሉ በአጭር ሽቦ ከእርስዋ ጋር ይገናኛሉ፤ እርስዋም የራስዋን ዋይፋይ ስለምትዘረጋ በሜዳ ላይ ኢንተርኔት አያስፈልጋትም። የሰውየው ስልክ ወይም ኮምፒዩተር መስኮት ብቻ ነው፤ ቢጠፋ እንኳ ሥራው በሰሌዳዋ ላይ ይቀጥላል። አቅጣጫዋን የምታውቅበት መንገድ እጅግ የሚያስደንቅ ነው። አንድ ፎቶግራፍ ታነሣና ከዋክብቱን አራት አራት እያደረገች የሚሠሩትን ቅርጽ በውስጧ ካለው መዝገብ ጋር ታመሳክራለች፤ በዚህም ቴሌስኮፑ ወዴት እንደሚመለከት በትክክል ታውቃለች። ይህንን ዘዴ ደስተን ላንግ፣ ዴቪድ ሆግና ባልደረቦቻቸው በ2010 ባወጡት ጽሑፍ አብራርተውታል።

በ2018 አንድ የካሜራ ፋብሪካ ይህችኑ ሰሌዳ በሣጥን ከድኖ ኤ.ኤስ.አይ. ኤር በሚል ስም መሸጥ ጀመረ። አጠቃቀሙ ቀላል ነው፤ የሥነ ፈለክ ካሜራን በተመለከተ ግን የሚሠራው ከፋብሪካው ከራሱ ካሜራዎች ጋር ነው። ለባለ ገንዘብና ለባለ ጥድፊያ ይበጃል። ለትምህርት ቤት ግን ክፍቷን ሰሌዳ እንመርጣለን፤ አፕተን የሸሸው የተከደነውን ሣጥን ነበርና።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንሸሽግ እንናገር። ሰሌዳዋ ርካሽ ብትሆንም ማዞሪያውና ካሜራው ርካሽ አይደሉም። ስለዚህ አንድ ትምህርት ቤት ቢጀምር የሚሻለው በ2020 ለሰሌዳዋ በወጣው ባለ 12 ሚሊዮን ነጥብ ካሜራና በተራ ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ነው፤ ጨረቃንና የከዋክብትን ጉዞ ለመቅረጽ ይህ ይበቃል። ለኃይሉም 12 ቮልትና 7 አምፔር ሰዓት ባለው ባትሪ 84 ዋት ሰዓት ይገኛል፤ ባትሪው እንዳይጎዳ ግማሹን ብቻ ብንጠቀም፣ 5 ዋት ያህል ለምትፈጅ ሰሌዳ ከ8 ሰዓት በላይ ያሠራል። የፊዚክስ መምህራን ማዞሪያው ሲጨመር ስንት እንደሚቀር ተማሪዎቹን ሊያስሠሩ ይችላሉ።

ወደ አገራችን ስንመጣ ሁለት ልዩ ጉዳዮች አሉ። የመጀመሪያው ሰዓት ነው። በ2023 ከወጣችው ከአምስተኛዋ ሞዴል በፊት የነበሩት ሰሌዳዎች ሲጠፉ የሚቆጥር ሰዓት የላቸውም፤ በአምስተኛዋም ቢሆን ባትሪው ለብቻው የሚገዛ ነው። ኢንተርኔት በሌለበት ሜዳ ሰዓቱን የምንሰጣት እኛ ነን። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ አንድ ተማሪ «3 ሰዓት» ብሎ ቢጽፍላት ኮምፒዩተሯ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው ሦስት ሰዓት ይመስላታል፤ 21 ሰዓት መባል ነበረበት። የ6 ሰዓት ልዩነት በሰማይ ላይ 90 ዲግሪ ነው፤ ምሥራቅ ላይ የምትወጣውን ኮከብ መካከለኛው ሰማይ ላይ ትፈልጋለች። መስከረም 1ን የመጀመሪያው ወር የመጀመሪያ ቀን ብሎ የጻፈ ደግሞ የጃንዋሪን ሰማይ ያሳያታል። የጂ.ፒ.ኤስ. መቀበያ ቢገጠምላት ችግሩ ይወገዳል፤ ሆኖም ስለ ሰዓት ቀጠናና ስለ ቀን አቆጣጠር ለማስተማር ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ ስለማይገኝ መቀበያውን ለመግጠም አንቸኩልም።

ሁለተኛው የሰሜን ኮከብ ነው። ማዞሪያው በትክክል እንዲሠራ ዘንጉ ወደ ሰማይ ዋልታ ማመልከት አለበት፤ የአውሮፓና የአሜሪካ መጻሕፍትም የሰሜንን ኮከብ ተመልክታችሁ አስተካክሉ ይላሉ። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ኮከቡ ከአድማስ በላይ የሚታየው 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ነው፤ ኮረብታ ወይም ባሕር ዛፍ በቀላሉ ይሸፍነዋል። ኤኮስ የተባለው ከኢንዲ ጋር የሚሠራው ፕሮግራም ለዚህ ዘዴ አለው። ዘንጉን እያዞረ ሦስት ፎቶግራፎች ያነሣል፣ ከዋክብቱን ለይቶ ዘንጉ ከዋልታው ስንት እንደራቀ ያሰላል፣ የትኛውን ብሎን ወዴት ማዞር እንደሚገባ ያመለክታል። ይህ ከመደረጉ በፊት ግን ኮከቡ በሚታይበት ሥፍራ ተማሪዎቹ ክርና ድንጋይ ባንጠለጠሉበት ፕሮትራክተር ከፍታውን ለክተው በደብተራቸው ይጻፉት፤ ከዚያ የለኩትን ከኮምፒዩተሯ ውጤት ጋር ያስተያዩት። አንድ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ይበቃዋል።