መልሱና እርምጃው፦ የማስተማሪያ መሣሪያዎች ታሪክ እስከ ሰው ሠራሽ አስተውሎት

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ወደ መማሪያ ክፍል መግባት ከጀመረ ወዲህ ከፊሉ ሰው የመምህሩ ሥራ አበቃለት ሲል፣ ከፊሉ ደግሞ የተማሪው አእምሮ ሊደነዝዝ ነው ሲል ይሰማል። ክርክሩ ግን መቶ ዓመት ያህል ያስቆጠረ ነው። ጥናቶቹ በእርግጥ ምን እንደሚሉ ለመረዳት ከመነሻው መጀመር ይበጃል።

እ.ኤ.አ. በ1926 በአሜሪካ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቡና መምህር የነበሩት ሲድኒ ፕሬሲ ስለ አንዲት ትንሽ መሣሪያ ጽፈው አሳተሙ። ተማሪው ጥያቄውን አንብቦ ከአራት ቁልፎች አንዱን ይጫናል፤ ትክክለኛውን እስኪያገኝ ድረስ ቀጣዩ ጥያቄ አይመጣም። ይህ መጠበቅ ቀላል ነገር መስሎ ሊታይ አይገባም። በአገራችን እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት በተሰራጨው የፕላዝማ ትምህርት ያስተማረ ሁሉ፣ ጥያቄ ጠይቆ መልሱን ሳይጠብቅ የሚያልፍ መሣሪያ ምን እንደሚመስል ያስታውሳል።

የፕሬሲ መሣሪያ ጉድለት ሌላ ነበር፤ ተማሪው በግምት እየተጫነ ሊያልፍ ይችላል። በ1954 ቢ.ኤፍ. ስኪነር ተማሪው መልሱን ከመምረጥ ይልቅ ራሱ እንዲያዋቅረው፣ ትምህርቱም በጥቃቅን እርምጃዎች እንዲከፋፈል ሐሳብ አቀረቡ። ሆኖም በዚያ ዘመን የነበሩት መሣሪያዎች ከተማሪው ለሚነሣ ጥያቄ መልስ አልነበራቸውም። በ1970 ሃይሜ ካርቦኔል «ስኮላር» ስለተባለው፣ የደቡብ አሜሪካን ጂኦግራፊ ስለሚያስተምር የኮምፒዩተር ፕሮግራም ጻፉ። ፕሮግራሙ ይጠይቃል፤ ሲጠየቅም ይመልሳል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት በትምህርት ያለው ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ነው ማለት ይቻላል።

ታላቁን ተስፋ የቀሰቀሰው ግን የቤንጃሚን ብሉም የ1984 ጽሑፍ ነው። በግል አስተማሪ የተረዳ አማካይ ተማሪ በተለመደው ክፍል ከሚማሩት 98 በመቶውን እንደሚበልጥ፣ ይኸውም የሁለት መደበኛ ልይይት ብልጫ እንደሚያሳይ ገለጹ። ከርት ቫንሌን በ2011 ብዙ ጥናቶችን ሲመረምሩ ግን የሰው የግል አስተማሪ ብልጫ 0.79 ብቻ ሆኖ ተገኘ። እያንዳንዱን የአሠራር እርምጃ የሚከታተሉት የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች 0.76 ሲያስገኙ፣ የመጨረሻውን መልስ ብቻ የሚያርሙት 0.31 አስገኙ። እንደ እኔ አስተያየት የመቶው ዓመት ታሪክ ፍሬ ያለው በእነዚህ ሦስት ቁጥሮች ውስጥ ነው።

ጊዜም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በ2014 የታተመው የራንድ ድርጅት ጥናት አንድን የአልጀብራ ፕሮግራም በሰባት የአሜሪካ ክፍላተ ሀገር በ147 ትምህርት ቤቶች ፈትኗል። በመጀመሪያው ዓመት ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም፤ በሁለተኛው ዓመት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች 0.20 ያህል መሻሻል ተገኘ። ጥናቱ በአንድ ዓመት ቢቆም ኖሮ ፕሮግራሙ ከንቱ ተብሎ በተጣለ ነበር።

ዛሬ የሚያነጋግሩት እንደ ቻትጂፒቲ ያሉት ፕሮግራሞች ናቸው። በቱርክ አንድ ሺህ በሚጠጉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ ተካሂዶ በ2025 የታተመ የሂሳብ ትምህርት ጥናት ሁለት ዓይነት አቀራረቦችን አነጻጽሯል። አንደኛው የተጠየቀውን ሁሉ የሚመልስ ነበር፤ ሁለተኛው በመምህራን ምክር ተቀርጾ ፍንጭ እንጂ መልስ እንዳይሰጥ የተደረገ። በልምምድ ጊዜ የመጀመሪያው ቡድን ያለ መሣሪያው ከተለማመዱት በ48 በመቶ፣ ሁለተኛው በ127 በመቶ የተሻለ ውጤት አመጣ። መሣሪያው ተወስዶ ፈተና ሲሰጥ ግን የመጀመሪያው ቡድን መሣሪያውን ጨርሶ ካልነኩት በ17 በመቶ ዝቅ አለ፤ የሁለተኛው ቡድን ውጤት ከእነርሱ ጋር ተቀራራቢ ሆነ።

ስለዚህ የዕቅድ ባለሙያ የሙከራ ሪፖርት ሲቀርብለት አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ውጤቱ የተመዘገበው መሣሪያው በተማሪው እጅ ሳለ ነው ወይስ ከተወሰደ በኋላ የሚለውን ነው። የተማሪዎች አስተያየት መጠይቅ ይህንን ሊተካ አይችልም፤ በቱርኩ ጥናት በፈተናው ዝቅ ያሉት ተማሪዎች ራሳቸው ከሌሎቹ ያነሰ የተማሩ አልመሰላቸውም ነበርና።